ሁሉም ሲጽፍ ያልጻፈው ሰው፦ ስለ «ቫዮሌት ኤቨርጋርደን» የመዝጊያ ፊልም

«ቫዮሌት ኤቨርጋርደን» የተባለው የጃፓን ተከታታይ አኒሜ (በሥዕል የሚሠራ ፊልም) በ13ኛው ክፍል ያቆመበት ቦታ ለእኔ በቂ ነበር። በጦርነት ሁለት እጆቿንና አዛዧን ያጣች፣ ከአዛዧ የሰማችውን የመጨረሻ ቃል ትርጉም ለማወቅ ስትልም ለሰው ደብዳቤ የመጻፍ ሥራ የያዘች ልጅ በመጨረሻ የራሷን ደብዳቤ ትጽፋለች። ተቀባዩ ሞቷል ተብሎ ስለሚታመን ደብዳቤው መልስ አይጠብቅም፤ መልስ የማይጠበቅበትን ደብዳቤ መጻፍ መቻሏ ራሱ የታሪኩ መድረሻ ነበር። ስለዚህ የእህቴ ልጅ «መዝጊያ ፊልም እኮ አለው» ስትለኝ፣ የተዘጋ ነገር ለምን እንደገና እንደሚዘጋ አልገባኝም ነበር። ፊልሙን ካየሁ በኋላ ግማሹን ከተከታታዩ አብልጬ ወደድኩት፤ በሌላው ግማሽ ላይ ግን እስከ ዛሬ ቅሬታ አለኝ። ሁለቱንም እንደ ቅደም ተከተላቸው ለማስረዳት እሞክራለሁ፤ ታሪኩን አስቀድሞ መስማት የማይፈልግ አንባቢ ፊልሙን አይቶ ቢመለስ ይሻለዋል።

ሥራውን ለማያውቀው መነሻውን ባጭሩ ላስቀምጥ። ታሪኩ የተወሰደው ከካና አካትሱኪ ልብ ወለድ ነው። ልብ ወለዱ ኪዮቶ አኒሜሽን የተባለው ስቱዲዮ ባዘጋጀው ውድድር እ.ኤ.አ. በ2014 ታላቁን ሽልማት ያገኘ ሲሆን፣ ስቱዲዮው ራሱ ወደ ተከታታይነት ለውጦ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ አቀረበው። ተከታታዩንም ፊልሙንም በዳይሬክተርነት የመራው ታይቺ ኢሺዳቴ ነው፤ የፊልሙን ድርሰት ሬይኮ ዮሺዳ ጽፋዋለች፤ ሙዚቃውን የደረሰው በጃፓን የሚሠራው አሜሪካዊ ኢቫን ኮል ነው። አገሩ በየትኛውም ካርታ ላይ የለም፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ የነበረችውን አውሮፓ ይመስላል። በዚያ ዓለም መጻፍ የማይችል ወይም መጻፍ ቢችልም ቃል የሚያጥረው ሰው ወደ ፖስታ ድርጅት ሄዶ «አውቶ ሜሞሪ ዶል» የምትባል ጸሐፊ ይቀጥራል። ስያሜው መጀመሪያ የማሽን ነበር፤ ኦርላንድ የተባለ ፕሮፌሰር ዓይነ ስውር ለሆነችው ደራሲ ሚስቱ የሠራው ማሽን ስም ኋላ ላይ ለሴት ጸሐፊዎቹ ተረፈ። ቫዮሌት ከእነርሱ አንዷ ናት፤ የብረት ጣቶቿን በጽሕፈት መኪናው ላይ እያሯሯጠች ሌሎች ሰዎች ሊሉት ያቃታቸውን ታወጣለች።

ይህ ሥራ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በፍርድ ቤትና በመሥሪያ ቤት ደጃፍ ጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉትን ሰዎች የማያውቅ የለም፤ ባለጉዳዩ እንባ እያነቀው የሚያወራውን ሰምተው «ለተከበረው ፍርድ ቤት» በሚል መግቢያ ሥር ያስተካክሉታል። ለቫዮሌት የምትቀርበው ግን ፊልሙን አብራኝ ያየችው አክስቴ ናት። አክስቴ በደርግ ዘመን፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለች፣ እዚሁ ጅማ ሄርማታ ውስጥ ልጆቻቸው ወደ ጦር ሜዳ ለሄዱባቸው የሰፈር እናቶች ደብዳቤ ትጽፍ ነበር። ብዙዎቹ እናቶች የሚነግሯት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ እርሷ የምትጽፈው በአማርኛ ነው። ስለዚህ ከመጻፏ በፊት መተርጎም፣ ከመተርጎሟም በፊት የተባለውንና ለማለት የተፈለገውን መለየት ነበረባት። «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነን» የሚለው መግቢያ የገጹን ሩብ ይወስዳል፤ ቀጥሎ ሰላምታ የሚልኩት ጎረቤቶች ስም በየተራ ይዘረዘራል፤ ዋናው ጉዳይ የሚመጣው ወረቀቱ ሊያልቅ ሁለት መስመር ሲቀረው ነው። አንዲት እናት የበሬያቸውን መሞት ነግረዋት ሲያበቁ «ይህን ግን እንዳትጽፊለት፣ ይጨነቃል» እንዳሏት አክስቴ እስከ ዛሬ ታስታውሳለች። ደብዳቤ ጸሐፊ የሚጻፈውን ብቻ ሳይሆን የማይጻፈውንም እንደምትይዝ ለማስረዳት ይህ ፊልም ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ፈጅቶበታል፤ ለአክስቴ ግን ገና ከመነሻው ግልጽ ነበር።

ፊልሙን እስክናገኝ ትንሽ ተንከራተናል። በመጀመሪያ ፊልም ከሚጫንበት ሱቅ በፍላሽ ያመጣነው ሌላ ሆኖ ተገኘ። ከመዝጊያው በፊት እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ ስለ ሁለት የተነጣጠሉ እህትማማቾች የሚተርክ የ90 ደቂቃ ተጨማሪ ፊልም አለ፤ የሱቁ ልጅ «ይሄው ነው፣ የመጨረሻው ነው» ብሎ የጫነልን እርሱን ነበር። ስሙ ስለሚመሳሰል ስህተቱ የሚደርስ ነው፤ የምትገዙ ሰዎች ርዝመቱን አይታችሁ ተቀበሉ፤ መዝጊያው 140 ደቂቃ ነው። በማግስቱ ትክክለኛውን ይዘን፣ በክረምቱ ዝናብ ምክንያት ከቤት መውጣት በማይቻልበት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ የእንግሊዝኛውን የግርጌ ጽሑፍ ለአክስቴ እየተረጎምኩ፣ የእህቴ ልጅም አተረጓጎሜን እያረመች ማየት ጀመርን።

የፊልሙ አከፋፈት ብልህ ነው። ቫዮሌትን ወዲያው አያሳየንም፤ የሚጀምረው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ዴይዚ ከምትባል ወጣት ነው። ዴይዚ የሞተችውን አያቷን ቤት ስትጎበኝ በእንክብካቤ የተቀመጡ ደብዳቤዎች ታገኛለች። አያቷ በተከታታዩ 10ኛ ክፍል ያወቅናት ትንሿ አን ናት፤ ያ ክፍል ተከታታዩን ያዩ ሁሉ የማይረሱት ነው። የአን እናት በጽኑ ታማ ሳለ ቫዮሌትን አስመጥታ፣ እርሷ ካለፈች በኋላ በየዓመቱ በልደቷ ቀን ለልጇ አንድ አንድ እንዲደርስ፣ የ50 ዓመት 50 ደብዳቤ አስጽፋ ነበር። በተከታታዩ ውስጥ የአንን መጀመሪያዎቹን ልደቶች ብቻ አይተናል፤ እዚህ ደግሞ አን አርጅታ፣ ደብዳቤዎቹን ሁሉ ተቀብላ፣ ከዚህ ዓለም ተሰናብታ እናገኛታለን። ከዚህ ላይ ተነሥታ ዴይዚ የጸሐፊዋን ፋና ትከተላለች፤ ወደ ላይደን ከተማ ስትሄድ ያ ሥራ የሚበዛበት ፖስታ ድርጅት ሙዚየም ሆኗል። ስለዚህ ቫዮሌትን የምናያት ሥራዋ እንደሚጠፋ አስቀድመን እያወቅን ነው፤ ፊልሙ ይህን ዕውቀት እጃችን ላይ አስቀምጦ ነው ወደ ኋላ የሚመለሰው።

በቫዮሌት ዘመን ላይደን እየተለወጠች ነው። በከተማዋ ላይ ረጅም የብረት ግንብ እየተሠራ ነው፤ ስልክ ወደ ሀብታሞች ቤት መግባት ጀምሯል። የቫዮሌት ባልደረባ አይሪስ ስልክን በግልጽ ትጠላዋለች፤ እንጀራዋን የሚወስድባት እርሱ መሆኑን ታውቃለች። ይህ ጉዳይ ጎልቶ ሳይነገር በየትዕይንቱ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይቆያል፤ ቆይቶ ግን ፊልሙን በሙሉ የሚሸከመው እርሱ ሆኖ ይገኛል። ብዙ ፊልሞች ስለ ድሮ ነገር ሲያወሩ የድሮው መልካም፣ አዲሱ ክፉ እንደሆነ ወስነው ይጀምራሉ፤ እዚህ ያ ፍርድ የለም።

የፊልሙ ልብ ዩሪስ ነው። ዩሪስ በሆስፒታል የተኛ፣ እንደማይድን የሚያውቅ ትንሽ ልጅ ነው፤ ለእናቱ፣ ለአባቱና ለታናሽ ወንድሙ ከሞተ በኋላ የሚሰጡ ደብዳቤዎች እንዲጻፉለት ቫዮሌትን ይጠራል። ገንዘቡ ያጠራቀማት ሳንቲም ብቻ ናት፤ ቫዮሌት ለልጅ የሚሆን ልዩ ዋጋ አለ ብላ ሥራውን ትቀበላለች። ወላጆቹ ሊጠይቁት ሲመጡ ይቆጣቸዋል፣ ያመናጭቃቸዋል፤ እናቱ አብዝታ ስትንከባከበው ያማርራል። ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ደብዳቤውን ሲያስጽፍ ብቻ እንሰማለን፤ ሲያሳዝናቸው የኖረው እርሱ መሆኑ ያሳፍረዋል፣ እንባቸውን ማየት አይችልም፣ ስለዚህ ፊቱን ያዞራል። ከአፉ የሚወጣውና ከልቡ ያለው የተለያዩ ናቸው፤ ደብዳቤው የልቡን ይይዛል። አክስቴ እዚህ ላይ «የኛም ልጆች እንዲሁ ናቸው፤ ሲታመሙ ይቆጣሉ» አለች፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም።

ዩሪስ ሦስቱን ደብዳቤዎች ያስጽፋል፤ አራተኛው ግን ይቀራል። ሉካስ የሚባል ጓደኛ አለው፤ በሽታው ከባሰበት ወዲህ ሊጠይቀው ሲመጣ አልቀበልም ብሎ መልሶታል። ለእርሱም ለመጻፍ ይፈልጋል፤ ጉልበቱ ስለሚያልቅ ለሌላ ቀን ያቆዩታል፤ ቫዮሌትም ቃል ትገባለታለች። ቀጥሎ የሚሆነው ነገር የዚህ ፊልም ትልቁ ድፍረት ነው። ቫዮሌት በሩቅ ደሴት ላይ ሳለች የዩሪስ ሁኔታ መክፋቱ ይነገራታል፤ ለመመለስ ብትነሣም መንገዱ ቀናት የሚፈጅ፣ ሌሊቱም ማዕበል የሆነበት ነው። በእርሷ ፋንታ አይሪስና የድርጅቱ ደብዳቤ አድራሽ ቤኔዲክት ወደ ሆስፒታሉ ይሮጣሉ። አይሪስ ወረቀት ታወጣለች፤ ልጁ ግን ደብዳቤ ለማስጻፍ የሚያበቃ ትንፋሽ የለውም። ያን ጊዜ ያቺው ስልክን የምትጠላው ሴት የስልክ መስመር አስፈልጋ፣ ሉካስን በሌላኛው ጫፍ አቁማ፣ ሁለቱ ልጆች እንዲነጋገሩ ታደርጋለች። ዩሪስ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ሉካስ እንዳልተቀየመው ይነግረዋል፤ ዩሪስ ያርፋል።

ስለ ደብዳቤ ክብር ለመናገር የተሠራ ፊልም፣ በጣም አስፈላጊው ሰዓት ሲመጣ ደብዳቤው እንዳይደርስ አድርጎ ስልኩን ማስቀደሙ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ሰነፍ ድርሰት ቢሆን ቫዮሌት በማዕበል ውስጥ አልፋ በመጨረሻዋ ደቂቃ ትደርስ ነበር። ዮሺዳ ያን አልፈቀደችም፤ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ቃሏን ሳትጠብቅ ትቀራለች፤ ያንን ቃል የሚጠብቅላት ሥራዋን የሚያጠፋው መሣሪያ ነው። አይሪስም ያ የማትወደው ዕቃ መጥፎ ብቻ እንዳልሆነ ታምናለች። ከልጁ ዕረፍት በኋላ ወዲያው ደብዳቤዎቹ ለቤተሰቡ ሲነበቡ ደግሞ ስልክ የማይችለው ነገር ይታያል፤ የሞተ ሰው በስልክ አይናገርም፣ በደብዳቤ ግን ይናገራል። ስልኩ ለሉካስ፣ ደብዳቤው ለእናትና ለአባት፣ ሁለቱም በአንድ የሆስፒታል ክፍል ውስጥ ያለ ምንም ማብራሪያ ጎን ለጎን ይቆማሉ። የእህቴ ልጅ ዕድሜዋን በሙሉ በቴሌግራም የኖረች ናት፤ ደብዳቤ ጽፋ አታውቅም፤ ያለቀሰችው ግን በስልኩ ሳይሆን በደብዳቤዎቹ ነው። አክስቴ በተቃራኒው ያለቀሰችው በስልኩ ነው።

ልክ ደብዳቤዎቹ ተነብበው እንዳበቁ መብራት ጠፋ። የላፕቶፔ ባትሪ ያረጀ ስለሆነ ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየም፤ የቀረውን ያየነው በማግስቱ እሑድ ነው። ይህን ያነሣሁት ለማማረር አይደለም፤ በመካከል አንድ ሌሊት በማለፉ ፊልሙ ሁለት ፊልም መሆኑ ፍንትው ብሎ ስለታየኝ ነው። ቅዳሜ የተኛነው የተሟላ ነገር አይተን ነበር። እሑድ የጠበቀን ሻለቃው ነው።

ሻለቃ ጊልበርት ቡጌንቪሊያ ቫዮሌትን ያሳደጋት ሰው ነው፤ ማሳደግ ከተባለ። የባሕር ኃይል መኮንን የሆነው ታላቅ ወንድሙ ዲትፍሪድ ቃል የማታውቀውን ትንሽ ልጅ እንደ መሣሪያ ቆጥሮ ሰጠው፤ ጊልበርት ስም አወጣላት፣ ማንበብና መጻፍ አስተማራት፣ ከዚያም እየተጨነቀ ጦር ሜዳ ይዟት ዘለቀ። በመጨረሻው ውጊያ ቆስሎ «እወድሻለሁ» ብሏት ተለያዩ። ፊልሙ የሚነግረን ይህ ሰው አለመሞቱን ነው፤ አንድ ዓይኑንና አንድ ክንዱን አጥቶ፣ ወንዶቿ በጦርነት ባለቁባት ኤካርቴ በምትባል ደሴት ላይ፣ ስሙን ደብቆ ልጆችን እያስተማረ ይኖራል። መኖሩ የሚታወቀውም ተቀባይ ሳያገኝ በቀረ አንድ ደብዳቤ ላይ የእጅ ጽሑፉ በመታየቱ ነው። ቫዮሌትና የድርጅቷ ባለቤት ሆጂንስ ወደዚያ ይሄዳሉ፤ ጊልበርት በሩን አይከፍትም፤ እርሷ በዝናብ ውስጥ ቆማ፣ እርሱ ከበሩ ጀርባ ሆኖ ተመለሺ ይላታል።

መጀመሪያ የተሰማኝ ቅሬታ ቀላሉ ነበር፦ የሞተ ሰው ማስነሣት የደራሲ መደለያ ነው። ተከታታዩ የሚያስከብረው ቫዮሌት ከሐዘኗ ጋር መኖርን መማሯ ነበር፤ ሐዘኑ መሠረት አልነበረውም ከተባለ ትምህርቱስ ምን ይሆናል? ይህን ለአክስቴ ስነግራት አልተቀበለችኝም። «አንተ ልጅ፣ ከጦር ሜዳ ሞተ የተባለ ሲመጣ አላየህማ» አለችኝ። መንግሥት በተለወጠበት በ1983 ዓ.ም. በሰፈራቸው ተዝካሩ የወጣለት ወታደር በእግሩ መጥቶ እናቱ በር ላይ ቆሟል። ዕልልታ ሆነ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። እናትየው ግን ልጃቸውን አቅፈው ካለቀሱ በኋላ የጠየቁት እንዴት እንደ ዳነ ሳይሆን «አንዲት መስመር እንኳ ለምን አልጻፍክልኝም?» ብለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረውም፤ ሴትየዋም እስኪሞቱ ድረስ ደግመው ደጋግመው ይጠይቁት ነበር። የእርሳቸውን ደብዳቤ ትጽፍላቸው የነበረችው አክስቴ ራሷ ስለሆነች ጥያቄውን እንደራሷ አድርጋ ይዛዋለች።

ይህ ወሬ ቅሬታዬን ከቦታው አነሣው፤ አላጠፋውም ግን፤ ወደ ትክክለኛው ቦታ ወሰደው። የጊልበርት በሕይወት መኖር አይደለም ችግሩ። በዚህ ፊልም ውስጥ የሚሞት ሕፃን ይጽፋል፤ የምትሞት እናት ለ50 ዓመት የሚሆን ትጽፋለች፤ በተከታታዩ ውስጥ በጦር ሜዳ ደሙ እየፈሰሰ ያለ ወታደር እንኳ ቫዮሌትን አስጽፎ ነው የሚሞተው። እጅ የቀረው፣ ዕድሜ ያለው፣ ልጆችን ፊደል የሚያስቆጥር አንድ ሰው ብቻ ለዓመታት አይጽፍም፤ ያ ሰው ደግሞ ሁሉ ነገር ይቅር የተባለለት ነው። ፊልሙ የጊልበርትን ምክንያት ይነግረናል፤ ልጅ ሳለች ጦርነት ውስጥ አስገብቶ ሕይወቷን እንዳበላሸ ያምናል፣ ከሌለ የተሻለ ትኖራለች ብሎ ወስኗል። ምክንያቱ እውነተኛ የጸጸት ምክንያት ነው፤ ከዩሪስ ቁጣ ጋርም ይመሳሰላል። ልዩነቱ ዩሪስ አሥር ዓመት ያልሞላው የሚመስል ሕፃን ሆኖ ሳለ ዝምታው ሰውን እንደሚጎዳ ገብቶት ማስተካከያ መፈለጉ ነው። ድርሰቱ ሁለቱን ዝምታዎች ጎን ለጎን ካቆመ በኋላ ትልቁን ሰው መጠየቅ ይገባው ነበር። የሚጠይቀው ሆጂንስ ብቻ ነው፤ ከበሩ ራቅ ብሎ በንዴት እየጮኸ ይሰድበዋል፤ በዚያች ስድብ ውስጥ ያለውን ያህል እውነት በቀረው ግማሽ ሰዓት አላገኘሁም።

ቫዮሌት ግን አትጠይቅም። ለመሄድ ወስና የምትተወው ደብዳቤ ምስጋና ብቻ ነው፤ ስላስተማራት፣ ስለወደዳት ታመሰግነዋለች፤ አንድም ወቀሳ የለበትም። ደብዳቤው እጁ ሲገባና ሲያነበው ከኮረብታው እየሮጠ ይወርዳል፤ እርሷም ከመርከብ ላይ ዘላ ባሕር ውስጥ ትገባለች፤ በጨረቃ ብርሃን ውሃው መካከል ይገናኛሉ። ሥዕሉ ያማረ ነው፤ ሙዚቃውም ያስገድዳል፤ እኔም አልቅሻለሁ፤ ማልቀሴን ግን እንደ ማስረጃ አልቆጥረውም። በልጅነቷ በእጁ የወደቀች፣ ትዕዛዙን ስትፈጽም የኖረች ልጅ 18 ዓመት ሲሆናት እንደ ፍቅረኛ ወደ እርሱ መመለሷ የሚያስነሣው ጥያቄም አለ። ጊልበርት ራሱ ይህን የሚፈራ ይመስላል፤ ከዚህ በኋላ ሻለቃሽ አይደለሁም ማለቱም ለዚህ ነው። እርሷ ግን እስከ መጨረሻው «ሻለቃ» ብላ ነው የምትጠራው። በአማርኛ ስንሰማው ይህ ጥሪ ክብርም ርቀትም አለው፤ «ሻለቃ» ብለው ከሚጠሩት ሰው ጋር አንቺና አንተ መባባል ከባድ ነው፤ በግርጌ ጽሑፉ ላይ የማይታየው ይህ ክብደት ለእኔ እየተረጎምኩ ሳለ ነው የተሰማኝ።

«እወድሻለሁ» የሚለው ቃል ራሱም አስቸግሮኛል። የተከታታዩ ሁሉ መነሻ ቫዮሌት «አይሺቴሩ» የሚለውን የጃፓንኛ ቃል አለመረዳቷ ነው፤ ጃፓኖች ቃሉን በዘፈቀደ አይናገሩትም፤ ከባድ ቃል ነው። በእኛ «እወዳለሁ» ለቡናም ለሰውም ይሆናል፤ «አፈቅርሻለሁ» ደግሞ የመጽሐፍና የዘፈን ይመስላል፤ ወላጆቻችን ሁለቱንም ሲሉ ሰምቼ አላውቅም፤ «ሆዴ»፣ «ልሙትልህ» ነው የሚሉት። አክስቴ ስትጽፋቸው ከኖረቻቸው ደብዳቤዎች መካከል «እወድሃለሁ» የሚል ቃል ያለበት አንድም እንዳልነበረ፣ በእርሱ ቦታ የሚገባው ሁልጊዜ ናፍቆት እንደሆነ ነገረችኝ። ስለዚህ ቃሉን በመጨረሻው ትዕይንት እንዴት እንደምተረጉመው ስቸገር፣ የእህቴ ልጅ «በጃፓንኛው ተወው፣ ገብቷታል» አለችኝ፤ ገብቷትም ነበር።

ስለ አሠራሩ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ሁለት ነገር ብቻ ላንሣ። አንደኛው የእጅ ነገር ነው። ስቱዲዮው ፊትን ከመሳል ይልቅ እጅን በመሳል ነው ስሜትን የሚናገረው፤ የዩሪስ ቀጭን ጣት፣ የእናቱ መዳፍ፣ የቫዮሌት ብረት ጣቶች ወረቀት ሲያጥፉ የሚያሰሙት ድምፅ፤ እጅ የሌላት ልጅ የእጅ ሥራ ስትሠራ የምናይበት ታሪክ ስለሆነ ይህ ምርጫ ትክክል ነው። ሁለተኛው የኮል ሙዚቃ ነው፤ በተከታታዩ ውስጥ የጽሕፈት መኪናን ምት እንደ ከበሮ አድርጎ ካስለመደን በኋላ፣ እዚህ በጣም በሚያስፈልግበት ቦታ ዝም ማለትን መርጧል። የሁለቱ ልጆች የስልክ ንግግር የሚከብደው ከዚህም የተነሣ ነው። በመጨረሻው የባሕር ትዕይንት ላይ ግን ይህን ቁጥብነት ረስቶታል።

ፊልሙ የወጣበት ሁኔታም ሊታለፍ አይገባም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 18 ቀን 2019 በኪዮቶ አኒሜሽን ስቱዲዮ ላይ አንድ ሰው ሆን ብሎ ባስነሣው እሳት 36 ሠራተኞች ሞተዋል። በጃንዋሪ 2020 ሊወጣ የነበረው ፊልም ወደ ኤፕሪል ተዛወረ፤ ኤፕሪል ሲደርስ ደግሞ ኮሮና መጣ፤ ለሕዝብ የቀረበው ሴፕቴምበር 18 ቀን 2020 ነው። በጃፓን ብቻ ከ2 ቢሊዮን የን በላይ ገቢ አስገብቷል። ባልደረቦቻቸውን የቀበሩ ሠዓሊዎች ሟች ለቀሪ የሚተወውን ደብዳቤ ሲስሉ ምን እንደተሰማቸው እኔ መናገር አልችልም፤ ነገር ግን በዩሪስ ክፍል ውስጥ ያለው ጥንቃቄ፣ ሞትን ለማስለቀሻ አለመጠቀሙ፣ ከዚህ ጋር አይገናኝም ማለት ይከብደኛል። ምናልባትም ጊልበርትን በሕይወት እንዲመለስ ማድረጋቸውን በዚህ ዓይን ሳየው ቁጣዬ ይለዝባል፤ አንድ ሰው እንኳ እንዲመለስ መፈለግ የሚገባ ነገር ነው። ታሪኩ አስቀድሞ ተወስኖ የነበረ ሊሆን ስለሚችል ግን በዚህ ላይ ብዙ አልመረኮዝም።

ማየት ለሚፈልግ ሰው ምክሬ ይህ ነው። ተከታታዩን በሙሉ ለማየት ጊዜ የሌለው ቢያንስ የመጀመሪያውን፣ 9ኛውንና 10ኛውን ክፍል አይቶ ይምጣ፤ 10ኛውን ሳያይ የጀመረ ሰው ዴይዚ የያዘችው ወረቀት ምን እንደሆነ አይገባውም፤ ፊልሙ ለማስታወስ ቢሞክርም አይበቃም። የጃፓንኛውን ድምፅ እመርጣለሁ፤ የቫዮሌትን ድምፅ የሰጠችው ዩዪ ኢሺካዋ በተከታታዩ መጀመሪያ ላይ እንደ ወታደር ሪፖርት ትናገር የነበረችውን ልጅ በመጨረሻ ቃል እስኪያጥራት ድረስ ደረጃ በደረጃ ወስዳታለች፤ ያ ጉዞ በእንግሊዝኛው አይሰማኝም። እንግሊዝኛ ለማያነብ ቤተሰብ እየተረጎማችሁ የምታሳዩ ከሆነ ፊልሙን ደጋግማችሁ ማቆም ስለሚያስፈልግ ከሦስት ሰዓት በላይ መድቡ፤ ባትሪያችሁንም አስቀድማችሁ ሙሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት አክስቴ ጎረቤቷን ይዛ መጥታ ፊልሙን ድገምልን አለችኝ። ላፕቶፑን እያዘጋጀሁ ሳለ ከመቀመጧ በፊት ወደ እኔ ጠጋ ብላ «እስከ ስልኩና እስከ ደብዳቤዎቹ ድረስ ብቻ፤ መብራት የጠፋብን ቦታ ላይ አቁምልኝ» አለችኝ።